የአየር መንገደኛ ጓዝና ሚዛኑ

በአየር የሚጓዝ ሰው የሚገጥሙት ጥቃቅን እንግልቶች ብዙ ናቸው፤ እግር የሚያደርቅ ሰልፍ አለ፣ ጫማና ቀበቶ የሚያስፈታ ፍተሻ አለ፣ ጉልበት የማያዘረጋ ወንበር አለ፣ ሰዓቱን ያላከበረ በረራና መንገደኛውን በአግዳሚ ላይ የሚያሳድር መሸጋገሪያም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ተጓዡን ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሚያስጨንቀው፣ ጓዙን ደጋግሞ አስሮ ደጋግሞ እንዲፈታ የሚያደርገው፣ ዘመድ ወዳጁንም እንዲያስቀይም የሚያስገድደው ሚዛን ነው። ስለ አውሮፕላን ዐበይት ነገሮች፣ ይኸውም ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ አብራሪዎቹ ጀግንነትና አህጉርን ከአህጉር ስለ ማገናኘቱ ብዙ ተጽፏል፤ ንዑስ የሚመስለው የሚዛን ነገር ግን የስንቱን መንገደኛ ቀን የሚያበላሽ ሆኖ ሳለ ጥንተ ነገሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ምክንያት እንደ ጸና፣ በእኛም ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ምን መልክ እንደ ያዘ በዚህ ጽሑፍ ለመናገር እወዳለሁ።

የመንገደኛ ጓዝ መመዘን ከአየር መንገድ ሥራ ጋር በአንድ ቀን የተወለደ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1914 በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተነሥቶ የታምፓን የባሕር ወሽመጥ በመሻገር ታምፓ የደረሰው፣ ውኃ ላይ ተነሥቶ ውኃ ላይ የሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን ያደረገው ጉዞ በዓለም የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች በረራ ተብሎ ይታወቃል። አብራሪው ቶኒ ጃነስ ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው መንገደኛም የሴንት ፒተርስበርግ የቀድሞ ከንቲባ አብራም ፋይል ሲሆን፣ ያችን አንዲት ወንበር በጨረታ በ400 ዶላር ገዝቶ 23 ደቂቃ ያህል በረረ። ከዚያ በኋላ የተቆረጠው መደበኛ ዋጋ 5 ዶላር ነበር፤ ነገር ግን ኩባንያው ለሕዝብ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ፣ መንገደኛው ከነእጅ ዕቃው ከ200 ፓውንድ፣ ማለትም ከ91 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ፣ የበለጠ እንደ ሆነም ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ 5 ዶላር እንዲጨምር ተደንግጎ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በየአየር ማረፊያው ሰው ፊቱን የሚያጠቁርበት ትርፍ ኪሎ የተባለው ዕዳ፣ አየር መንገድ የሚባለው ሥራ በዓለም ላይ በተጀመረበት ወራት ከነታሪፉ የነበረ ነው። ያ ኩባንያ 4 ወር ያህል ብቻ ሠርቶ ተዘጋ፤ ሕጉ ግን ከእርሱ በኋላ ኖረ።

በዚያ ዘመን ይህን ሕግ የደነገገው የተፈጥሮ ግዴታ እንጂ የሰው ስስት አልነበረም። አውሮፕላኑ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ነበር፤ ሞተሩ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ መንገደኛው ከአብራሪው ጎን ተጣብቆ ይቀመጥ ነበር፤ ሰውነቱ ከበድ ያለ ሰው ሲመጣ መነሣትና አለመነሣት በእርሱ ክብደት ይወሰን ነበር። ከ10 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ በእንግሊዝ አገር ከለንደን ዳር በነበረው በክሮይደን የአውሮፕላን ጣቢያ፣ መኳንንትና ባለጠጎች ሳይቀሩ ከነባርኔጣቸውና ከነካፖርታቸው ሚዛን ላይ ይወጡ ነበር። የክብደት ነገር በብዛት ብቻም አያበቃም፤ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ ጭነቱ የተቀመጠበት ስፍራ ራሱ ዐቢይ ጉዳይ ነው፤ ወደ ኋላ የበዛ እንደ ሆነ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ወደ ፊት የበዛ እንደ ሆነ ከመሬት ለመላቀቅ ይታክታል፤ ስለዚህ ጭነት አዳዩ ሠራተኛ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር የነፍስ ጉዳይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2003 በአሜሪካ በሻርለት ከተማ አንድ ትንሽ የመንገደኞች አውሮፕላን ገና እንደ ተነሣ ወድቆ የተሳፈሩት 21 ሰዎች ሁሉ በሞቱ ጊዜ፣ መርማሪዎቹ ከጥገና ጉድለት ጋር ያገኙት ምክንያት፣ የመንገደኞቹና የሻንጣዎቹ እውነተኛ ክብደት በወረቀት ላይ ከተገመተው አማካይ ቁጥር መብለጡን ነበር። ሚዛንን ለሚያማርር ሰው ይህን ማስታወስ ፍትሕ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የተጠቀመበትም አውሮፕላን ሲ 47 የተባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደርና ስንቅ ያመላልስ የነበረው ዓይነት ነው፤ በሁለቱ ጎኖቹ የሚታጠፉ አግዳሚዎች ተዘርግተው መንገደኞቹ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይቀመጡ ነበር፤ በመካከላቸውም ጭነቱ በገመድ ታስሮ ይደረደር ነበር። ያን ጊዜ ሰውና ጓዝ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ይጓዙ ስለ ነበር፣ መንገደኛው ሻንጣው የት እንደ ደረሰ አይጨነቅም፤ በጉልበቱ ፊት ያየዋልና።

እነዚህ አውሮፕላኖች ወደ ጅማ፣ ወደ ጎሬ፣ ወደ ደምቢዶሎና ወደ ጎንደር መመላለስ በጀመሩ ጊዜ በሕዝቡ ኑሮ ላይ ያመጡት ለውጥ ቀላል አልነበረም። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ፤ ቡናና ቆዳ በሰማይ ተጫነ። የጭነት ልክ ማወቅ ግን ለአገራችን ነጋዴ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የሲራራ ነጋዴ በቅሎው የምትችለውን ያውቅ፣ ቡናውን በፈረሱላ ይሰፍር፣ በየኬላው በጭነቱ ልክ ይቀረጥ ነበር። አዲስ የሆነው ልኩ ለመንገደኛው የግል ጓዝ መምጣቱ ነው፤ ስንቁን በአገልግል፣ ልብሱን በስልቻ ይዞ የሚወጣ ሰው እስከዚያ ዘመን ድረስ ከራሱና ከከብቱ ጉልበት በቀር ከልካይ አልነበረበትምና።

እዚህ ላይ በብዙ መንገደኞች ዘንድ የማይታወቅ አንድ ቁም ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፍ የሚሸከመው ያንሳል፣ ሞተርም ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በልደታ የነበረው የቀድሞው ማረፊያ የጄት አውሮፕላን ለማስተናገድ ስላልበቃ ነው በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ሲመጣ ሥራው ወደ ቦሌ የተዛወረው። ከዚያ በኋላም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለዚያ ርቀት የሚበቃውን ነዳጅ ከነመንገደኛውና ከነጭነቱ ይዞ ከዚህ ከፍታ መነሣት ስለሚከብደው፣ ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ፣ ለምሳሌ በደብሊን ወይም በሎሜ፣ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ማረፊያው ከባሕር ወለል 100 ሜትር በማይሞላ ዝቅታ ላይ ስላለና ነፋሱም ከኋላ ስለሚገፋው ሳያርፍ ይመጣል። በሌሊት በማያውቀው አገር ጣቢያ ከእንቅልፉ የነቃ መንገደኛ፣ ያ መዘግየት የመጣው ከደጋው አየር መሳሳት መሆኑን ቢያውቅ ቅሬታው ይቀልለት ይሆናል።

ሚዛን ከበረራ ደኅንነት አልፎ የፍርድ መለኪያ የሆነበትም ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 በዋርሶ ከተማ መንግሥታት በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ ለአየር መንገዱ ተመዝግቦ የተሰጠ ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚከፈለው ካሣ ከፍተኛ ልክ በኪሎ 250 የወርቅ ፍራንክ ሆኖ ተወሰነ፤ ይህም በኋለኛው ዘመን በትኬት ጀርባ ላይ በኪሎ 20 ዶላር ገደማ ተብሎ ይጻፍ ነበር። የጠፋው ዕቃ ዋጋ በክብደቱ ሲመዘን ምን ማለት እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ እናት በእጇ ፈትላ፣ ሸማኔ ሠርቶላት ለልጇ የላከችው ጋቢ በኪሎ ተቆጥሮ ከአንድ ጥንድ አሮጌ ቦት ጫማ ያነሰ ካሣ ያገኝ ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ውል ድረስ 70 ዓመት ቆየ፤ አዲሱ ውል በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል የኪሎው ስሌት ለመንገደኛ ሻንጣ ቀርቶ፣ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ 1000፣ ኋላም ከዚያ ከፍ ያለ ልክ ለአንድ መንገደኛ ተወሰነ። በእኔ አስተያየት ይህ በሻንጣ ሕግጋት ታሪክ ውስጥ ትልቁ መሻሻል ነው፤ ስለ እርሱ የሰማው መንገደኛ ግን ጥቂት በመሆኑ ብዙዎች ሊጠይቁ የሚገባቸውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

በነጻ የሚጫነው ልክ ደግሞ ለረጅም ዘመን ለተራው ማዕረግ 20 ኪሎ፣ ለአንደኛ ማዕረግ 30 ኪሎ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ መስመሮች ላይ በኪሎ ድምር መመዘኑ ቀርቶ በሻንጣ ቁጥር መፍቀድ ተጀመረ፤ ከዚያም አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ፣ ከፍ ባለው ማዕረግ 32 ኪሎ የሚለው ልክ ተስፋፋ። ከ32 ኪሎ የሚበልጥ ሻንጣ ቢከፈልበትም እንኳ የማይቀበሉበት ምክንያት፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሻንጣ የሚያነሣውን ሠራተኛ ወገብ ለመጠበቅ ነው፤ ይህም ያለ ማንገራገር ሊከበር የሚገባው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ታላቅ አየር መንገድ ለመጀመሪያው ሻንጣ ራሱ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር መንገዶች ከሻንጣ ክፍያ ብቻ ያገኙት ገቢ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። መንገደኛውም ክፍያውን ለማምለጥ ያለ የሌለውን በእጁ ይዞ ወደ ወንበሩ ይወጣ ጀመር፤ ቀድሞ በ1970 እ.ኤ.አ. በርናርድ ሳዶ የተባለ ሰው ሻንጣን በመንኩራኩር ያስኬደው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮበርት ፕላዝ የተባለ አብራሪ ቀጥ ብሎ የሚጎተተውን የሠራው፣ ለመንገደኛው ዕረፍት ነበር፤ አሁን ግን ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ የግፊያ ስፍራ ሆነ።

እንግዲህ ነገሩን ስንመረምር፣ ሚዛን በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሕግ ነበረ፣ ኋላ ግን የገበያ ሕግ እየሆነ መጣ ማለት ይቻላል። መንገደኛው ራሱ አሁን አይመዘንም፤ በአማካይ ይገመታል፤ 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ በሰላም ሲያልፍ፣ 50 ኪሎ የማትሞላ ሴት 25 ኪሎ ይዛ ብትመጣ ክፈይ ትባላለች። የሳሞአ አየር መንገድ በ2013 እ.ኤ.አ. ሰውንና ጓዙን አንድ ላይ መዝኖ በኪሎ ማስከፈል በጀመረ ጊዜ ዓለም ተደንቆ ነበር፤ ያ የተደነቁበት ነገር በ1914 በፍሎሪዳ የነበረው ሥርዓት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከዛሬው ይልቅ ያኛው ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ ለሰው ክብር የማይስማማ ቢሆን።

ይህ ሁሉ የዓለም ታሪክ ነው። የእኛ ሕዝብ ግን በሚዛኑ ላይ የሚያኖረው ጭነት ልዩ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓ፣ ኋላም ወደ ዐረብ አገሮች ሲበተኑ፣ ቤተ ዘመድን ከቤተ ዘመድ የሚያገናኘው ሻንጣ ሆነ። ሰው ሊሄድ ነው የሚል ወሬ እንደ ተሰማ ስልኩ ይጮኻል፤ ኪሎ አለህ ወይ፣ ሁለት ኪሎ ብቻ፣ ለወንድሜ በርበሬ፣ ለእኅቴ ሽሮ፣ ለአክስቴ ልጅ መድኃኒት ይባላል። በመጨረሻው ሌሊት ከየሰፈሩ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚመጣው አደራ፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው፣ ኮሰረቱና አብሹ ሲከመር የተጓዡ የራሱ ልብስ ቦታ ያጣል። ከዐረብ አገር የምትመለሰው እኅታችንም እንዲሁ ናት፤ የዓመታት ድካሟን በብርድ ልብስ፣ በሽቶና በልጆች ልብስ መንዝራ፣ ሻንጣዋን በገመድ ጠፍራ ትመጣለች፤ ሚዛኑ ላይ ስትደርስ ከማን ድርሻ እንደምትቀንስ ትጨነቃለች።

በአንድ አየር ማረፊያ አዳራሽ የተመለከትሁትን ልናገር። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት፣ ውጭ አገር የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ፣ ሁለት ሻንጣ ይዘው ቀረቡ፤ በሻንጣዎቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የልጂቱ ስልክ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አንደኛው 23 ኪሎ ሞላ፤ ሁለተኛው 26 ከግማሽ ሆነ። ሠራተኛዋ ልጅ በትሕትና፣ "እማማ፣ ሦስት ኪሎ ከግማሽ ተርፏል፤ ይቀንሱ፣ ወይም ይክፈሉ" አለቻቸው። እናትየውም ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሲባጎውን ፈቱ። የገንፎው ዱቄት በነጭ ከረጢት ሆኖ ከላይ ነበር፤ አነሡትና መልሰው አስቀመጡት። በፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ፣ በፌስታል ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በፕላስተር የታሸገውን ንጥር ቅቤ አወጡ፤ ጥቂት አዩት፤ እርሱንም መለሱት። ከዚያም ከሥር እጃቸውን ሰደው የራሳቸውን ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ጋቢና ጫማ አወጡ፤ ሹራቡን በላዩ ላይ ለበሱት፣ ጋቢውን ደረቡት፣ ጫማቸውን በእጅ ቦርሳ ጨመሩት፤ ሁለቱን ቀሚስ ለሸኛቸው ጎረምሳ ልከው ሻንጣውን እንደ ገና ሚዛን ላይ አወጡት። 23 ኪሎ አለ። ሠራተኛዋም ራሷን ዝቅ አድርጋ ወረቀቱን አጣበቀች።

አገራችን በሚዛን ፊት የቆመ ሰው ታሪክ አላት። በተአምረ ማርያም የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ነገር የማያውቅ ጥቂት ነው፤ 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ የሰጠው ጥሪኝ ውኃ በሚዛን ላይ ኃጢአቱን ሁሉ አነሣለት። በዚያ ታሪክ ያደገ ሕዝብ ዘንድ ለሰው የተሰጠ ጥቂት ነገር በክብደቱ አይለካም፤ አደራን አልይዝም ማለትም ከባድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። እናትየዋ ቅቤውን መልሰው ቀሚሳቸውን ያወጡት በዚህ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን አደራ ራሱ ከአየር ጉዞ ዘመን ጋር የተጋጨበት ስፍራ አለ፤ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1986 በለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት፣ እጮኛዋ በሰጣት ቦርሳ ውስጥ ፈንጂ መኖሩን ሳታውቅ ወደ እስራኤል ለመሳፈር ስትል ተገኝታ በፈታሾች ትጋት ብዙ ነፍስ ዳነ። በታኅሣሥ 1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስኮትላንድ ሎከርቢ ላይ፣ በሻንጣ ውስጥ በተደበቀ ፈንጂ የፓን አም አውሮፕላን ተሰባብሮ 270 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ ነው መንገደኛ ሁሉ፣ ሻንጣህን ያሰናዳኸው አንተ ነህን፣ ሰው የሰጠህ ዕቃ አለን፣ ተብሎ መጠየቅ የተለመደው። ለእኛ ሰው ይህ ጥያቄ እንደ ወጥመድ ነው፤ እውነቱን ቢናገር ጓዙ ሁሉ የጎረቤት ነውና ሊዘገይ ይችላል፤ አይደለም ቢል ደግሞ ሐሰት ይሆንበታል። በ2006 እ.ኤ.አ. በለንደን ፈሳሽ ፈንጂ ለማፈንዳት የተዶለተው ሤራ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በእጅ ቦርሳ እንዳይገባ በብዙ አየር ማረፊያ ስለ ተከለከለ፣ ማሩና አዋዜው ከሻንጣ ወደ እጅ ቦርሳ ሊሸሽ አይችልም፤ እዚያው ሚዛኑ ላይ ሊቀመጥ፣ ወይም በፍተሻው ደጃፍ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሊጣል ግድ ነው። አንድ ብልቃጥ ማር ሲጣል ያየ ሰው የማኅበረሰብን ድካም ሲጣል እንዳየ ይቆጠራል።

ስለዚህ ለሁለት ወገን ቃል አለኝ። አደራ የምትሰጡ ወገኖች፣ ዕቃውን በቤታችሁ መዝኑ፤ ለተጓዡ ፊት ከፍታችሁ አሳዩ፤ ከዱቄቱ መካከል ሳይነገረው የተጨመረ ነገር እንዳይኖር አድርጉ፤ የማያውቀውን ተሸክሞ በሰው አገር ወኅኒ የወረደ ወንድምና እኅት አለንና። ትርፍ ኪሎ ቢመጣ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ተጓዡም ቦታ የለኝም ሲል አትቀየሙት። የአየር መንገድና የአየር ማረፊያ አስተዳዳሪዎች ደግሞ፣ መንገደኛው ከወረፋው ራስ ላይ ደርሶ በሰው ፊት ወለል ላይ ተንበርክኮ ሻንጣውን ከመፍታቱ በፊት፣ ወደ አዳራሹ እንደ ገባ ራሱን ችሎ የሚመዝንበት ነጻ ሚዛን፣ ጓዙንም የሚያስተካክልበት ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ እንዲያቆሙለት እለምናለሁ። ወጪው ጥቂት ነው፤ ሊያርሱ ለሚሄዱ እናቶችም ይገባል።